ያልደረቀው ጨርቅ

የበደለኝ ሰው ዋሊድ ይባላል። ስሠራበት የኖርኩት የበረሃ ጉብኝት ድርጅት ማናጀር ነው። የበደለኝ የዓለም ዋንጫው ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት ነው። የበደለኝም በአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አንድ ሾፌራችን በሙቀት የወደቀው በእኔ ጥፋት ብቻ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

ስድሳን ካለፍኩ ወዲህ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ማሳደስ ጣጣው ስለበዛ ዘንድሮ ሥራ አቁሜያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገሬ እገባለሁ። የኅብረታችን እህቶች ዶሃ ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ሳሎናችን መሸኛ አዘጋጁልኝና «ምስክርነት ስጪ፣ የሥራ ዘመንሽን ተርኪልን» አሉኝ። ጀመርኩ። ዋሊድ ጋ ስደርስ የኅብረቱ መሪ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እህት እቴነሽ፣ ይቅር ብለሽዋል አይደል?» አለኝ።

«ይቅር ብያለሁ።»

«እንግዲያው ስሙን ባናነሳው።»

«ይቅር በሉ ነው የተባልነው። ስሙን እርሱት የተባልን አይመስለኝም።»

ሳሎኑ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ዝማሬ ተጀመረና ታሪኬ ተቋረጠ። ስለዚህ በጽሑፍ ልጨርሰው። ስለ ባሌና ስለ ልጆቼ የማነሳው ነገር የለም። እሱ የግሌ ነው።

ዶሃ የገባሁት ለቤት ሥራ ነው። አል ቱማማ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ያኔ የዓለም ዋንጫው ስታዲየም አልነበረም፤ ከቪላው ጀርባ ባዶ ሜዳ ነው። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ግን ሜሪ ትባል ስለነበር እኔንም ሜሪ አለችኝ። «እቴነሽ እባላለሁ» አልኳት። «ሜሪ ይቀላል» አለች። ስድስት ዓመት ሜሪ ሆኜ አገለገልኩ። ይህንንም አልረሳሁትም፤ ከዋሊድ ጋር ሲተያይ ግን ትንሽ ስለሆነ በዚሁ ልለፈው።

የማዳም አጎት አቡ ናስር ይባላሉ። አየሩ ሲበርድ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው በረሃ ድንኳን ይተክላሉ። ምግብና መጠጡን በሳጥን የማሽገው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከፈቱና በረዶው እንዳለ ሲያገኙት «ይህን ማን ነው ያሸገው?» ብለው ጠየቁ።

«ሜሪ ናት» አለች ማዳም።

«ሜሪ የቷ ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ባባ። እቴነሽ እባላለሁ።»

እኚያ ሰውዬ ትንሽ ቆይተው የጉብኝት ድርጅት ሲከፍቱ ከማዳም ጠይቀው ወሰዱኝ፤ ስፖንሰሬም እሳቸው ሆኑ። ማዳም ስትሰናበተኝ «በርቺ ሜሪ» አለችኝ።

የማሸጉ ነገር ምሥጢር የለውም። አብዛኛው ሰው በረዶውን ከታች ያደርጋል። ብርድ ግን ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ በረዶው ከላይ መሆን አለበት። ሳጥኑ ራሱ ከመታሸጉ አንድ ቀን በፊት መቀዝቀዝ አለበት፤ ያለዚያ ግማሹ በረዶ የሚያልቀው ሳጥኑን ሲያቀዘቅዝ ነው። የውሃ ሳጥንና የምግብ ሳጥን አይቀላቀሉም፤ የውሃው በየደቂቃው ስለሚከፈት። እርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጣል። መኪናዎቹ ሲመለሱ ደግሞ ሳጥኖቹን ከፍቼ ምን ያህል በረዶ እንደተመለሰ አያለሁ። ሌላው ሰው ውሃውን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ አይቼ ነው የምደፋው።

ይህን የማየት አመል ያስተማረኝ ጋሽ ሙሄ ነው።

ጋሽ ሙሄ የድርጅቱ የመጀመሪያ ሾፌር ነው። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ የአሰብን መንገድ በተሳቢ የነዳ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ለማንም ሲል የማይቸኩል። ያኔ መጋዘናችንና መኪና ማቆሚያችን ኦልድ ኤርፖርት ነበሩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ቢሮው ነው በኋላ መሀል ከተማ፣ ሙሸይሪብ የገባው፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ። ጋሽ ሙሄ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደች የክንድ ርዝመት ጨርቅ ከኪሱ ያወጣል። ውሃ ነክሮ ይጨምቃታል። ጥላ ሥር በቆመው መኪና የጎን መስታወት ላይ ይሰቅላታል። ከዚያ ከፔርሙሱ ሻይ ይቀዳና ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ሻዩን ሳይጨርስ ጨርቋ ከደረቀች ይነሳል። ሁለተኛ ሻይ ካስፈለገ ጉዞው ይዘገያል። ሁለተኛውን ጨርሶም ጨርቋ እርጥብ ከሆነች መኪናው አይነቃነቅም።

መጀመሪያ ሳየው ሳቅኩበት። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በአንዱ የኦገስት ቀን፣ እንግዶች ተሰብስበው እሱ ሁለተኛ ሻዩን ይጠጣል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነው እኮ። ባለፈው ሳምንት አርባ ሦስት ሆኖ ሄዳችኋል።»

«አንቺ ጴንጤ፣ ቁጥሩን ተዪው። ባለፈው ሳምንት ጨርቋ ሻዬን ሳላጋምስ ደረቀች። የዛሬዋን ንኪያት።»

ነካኋት። አሁን የታጠበች ትመስላለች።

«አየሩ ጠግቧል» አለ። «የጠገበ አየር ላብሽን አይጠጣልሽም። ላብሽ ካልተጠጣ ደግሞ ከውስጥ ትቀቀያለሽ።»

«ታዲያ ልጸልይ?»

«ጸልዪ። እኔም እሰግዳለሁ። መኪናው ግን ቆሞ ነው።»

ነገሩን ከአሰብ መንገድ ነው ያመጣው። በዚያ መንገድ ሾፌሮች የሸራ ውሃ መያዣ ከፊት መከላከያው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ውሃው በሸራው እያላበ ላዩ ይረጥብና ነፋሱ ሲመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ከባሕሩ በኩል እርጥብ አየር በመጣ ቀን ግን ውሃው አይቀዘቅዝም። «ውሃው ያልቀዘቀዘ ቀን ሰውም አይቀዘቅዝም» ይላል ጋሽ ሙሄ። «ያን ቀን ጎማ ቢፈነዳ እንኳ አትነካውም። ከተሳቢው ሥር ገብተህ ፀሐይ እስክትወርድ ትተኛለህ። የተኛነው ደረስን። ጎማ ልቀይር ያለው ጓደኛችን ግን አልደረሰም።» የጓደኛውን ስም ነግሮኛል፤ ሲነግረኝ ግን እኔን አላየኝም፣ መንገዱን ነው ያየው። ስለዚህ ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ደብተር ያስጀመረኝም እሱ ነው። «እጅሽ ቆንጆ ነው፤ ጻፊ» አለኝ። ቀኑን፣ ጨርቋን፣ የተመለሰውን በረዶ። የጨርቋ መለኪያ ሻይ ነበር፦ «ግማሽ ሻይ»፣ «አንድ ሻይ»፣ «ሁለት ሻይ»፣ «አልደረቀም»። ብዙ ደብተሮች ሞላሁ። በመጀመሪያዎቹ ደብተሮች «አልደረቀም» የሚለው ቃል ያለው ኦገስት ላይና ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ነው። በኋለኞቹ ሴፕቴምበር ማለቂያ ላይም ኦክቶበር ላይም አለ፤ አንድ ጊዜ ሜይ ላይም አለ። ድሮ በኖቬምበር ሳጥኖቼ በረዶ ይዘው ይመለሱ ነበር፤ አሁን ውሃ ይዘው የሚመለሱበት ቀን በዝቷል። ተምሬ አልተመረቅኩም። ዓለም ስለሞቀ ይሁን እኛ ወቅቱን ቀድመን መክፈት ስለጀመርን ለይቼ መናገር አልችልም። ሁለቱም ይመስለኛል። ደብተሩ ያለውን ነው የምጽፈው።

ጋሽ ሙሄ ዓይኑ ሲደክም ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ። በሄደ ቀን ጨርቋን አጣጥፎ ሰጠኝ። «ከእንግዲህ ሻዩን አንቺ ትጠጫለሽ» አለ። አቡ ናስርም የመነሻ ወረቀቱን እኔ እንድፈርም አደረጉ። ወረቀቱ ላይ መኪና፣ ጎማ፣ ውሃ፣ አየር የሚሉ አራት መስመሮች አሉ። አራቱም ላይ ካልፈረምኩ መኪና አይወጣም። ለአንዲት የቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደመወዙ አልጨመረም፤ ወንበሩ ግን የእኔ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የነበረው ማናጀር ሰነፍ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። አያደናቅፈንም ነበርና እግዚአብሔር ይስጠው። ከዓለም ዋንጫው በኋላ እሱ ሄደና ዋሊድ መጣ።

ዋሊድ የመጣው ከሆቴል ሽያጭ ክፍል ነው። ሽቶው ከሊፍቱ ቀድሞት ነው የሚደርሰው። ለእሱ አደጋ ማለት አንድ እንግዳ ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠው አንድ ኮከብ ነው። ጎረቤት ድርጅት ዋጋ ከቀነሰ አደጋ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ከተወደደ አደጋ ነው። ስለ ሙቀት ሲነሳ «ሙቀት የምንሸጠው ዕቃ ነው፣ ማማ። በረሃ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ልሽጥ?» ይላል። ቀልዱ አይከፋም። እኔም የሳቅኩባቸው ቀናት አሉ። ከዚያ ግን የወቅቱን መክፈቻ ወደ ሴፕቴምበር አጋማሽ አመጣው፤ የመነሻውንም ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አደረገው፤ ፎቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲነሳ።

በሁለተኛው ዓመቱ፣ በወቅቱ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጉዞ አስቆምኩበት። ሁለቱንም ጊዜ ጨርቋ አልደረቀችም። እንግዶቹን ማታ ገበያ እንዲያዩ ላክናቸው፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አላለቀሰም። ዋሊድ ግን በሾፌሮቹ ፊት «የጨርቅ ነቢይት» የሚል ስም አወጣልኝ። ሾፌሮቹ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ አንገታቸውን ደፉ፤ ስለዚህ ይቅር ብያቸዋለሁ።

ሦስተኛዋ ያልደረቀችበት ቀን ሐሙስ ነበር። አራት መኪና፣ ትልቅ ቡድን። የሾፌሮቹ አለቃ ደረጀ ነው፤ የሐዋሳ ልጅ፣ ሁለት ልጆች አባት፣ በኅብረታችን ከበሮ የሚመታ። ጨርቋን ሰቀልኩ። አንድ ሻይ ጠጣሁ። ሁለተኛ ጠጣሁ። ጠብ ጠብ ማለቷን እንኳ አልተወችም።

ዋሊድ ከሙሸይሪብ ራሱ መጣ። ስልኩን ዓይኔ ላይ ደገነው።

«ሠላሳ አምስት። ባለፈው ማክሰኞ አርባ አንድ ሆኖ ፈርመሻል። አርባ አንድን አሳልፈሽ ሠላሳ አምስትን የምትከለክዪበትን ምክንያት ንገሪኝ።»

«አየሩ ጠግቧል።»

«ምን በልቶ?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ደረጀም ሳቀ፤ ቀልድ ይወዳል።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ጋሽ ሙሄ ነግሮኛል። ግን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምለው አላውቅም ነበር፤ በዐረብኛም ጠፋኝ። ሁሉም ያየኛል። እንግዶቹ መኪና ውስጥ ገብተው በመስታወት ያዩኛል። «ያላ፣ ማማ፣ ቶሎ በይ» አለ ዋሊድ እስክሪብቶውን እየሰጠኝ።

ፈረምኩ። አራቱም መስመር ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ጨርቋን ከመስታወቱ አውርጄ ጨመቅኩና ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ላለማየት። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ረጠበ።

ወደ አሸዋው ከመግባት በፊት ጎማ ማስተንፈስ ግዴታ ነው። ያልተነፈሰ ጎማ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። አራት መኪና አሥራ ስድስት ጎማ ነው፤ እያንዳንዱ ጋ ተንበርክኮ አየር መልቀቅና መለካት ያስፈልጋል። ይህ ሲሠራ እንግዶቹ በቀዘቀዘው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሙዚቃ ይሰማሉ። ደረጀ ለሌሎቹ አዝኖ አብዛኛውን ራሱ ሠራ። አሥራ አንደኛው ጎማ ላይ የነገር ቅደም ተከተል ጠፋው፤ ሐዋሳ መናኸሪያ የቆመ ይመስል መንገደኛ ይጠራ ጀመር። ሾፌሮቹ የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ወደቀ።

ያዳነው በረዶ ነው። ሾፌሮቹ ሳጥኖቼን ገልብጠው በረዶውን በብብቱና በአንገቱ አደረጉ፤ እርጥቡን ፎጣ ሁሉ አለበሱት። ሐኪሙ በረዶው ባይደርስ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር አላቸው። አራት ቀን ተኛ። ልጠይቀው ስሄድ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱ ግን ከአልጋው ሆኖ «እትዬ እቴነሽ፣ ስነቃ በረዶ ውስጥ ነኝ፤ ገበያ ላይ የወጣሁ ዓሣ መሰልኩ። ማን ገዛኝ ብዬ ብጠይቅ ሰው አጣሁ» አለኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

የጣለው ፊርማዬ ነው፤ ያነሳው በረዶዬ ነው። ሁለቱም የእኔ ናቸው። አንዱን ብቻ ስቆጥር የተያዝኩበት ቀን የለም።

እሑድ ጠዋት ዋሊድ ጠርቶ ደብዳቤውን ሰጠኝ። የአየሩን ሁኔታ የመመርመር ኃላፊነት የእኔ እንደሆነ፣ መነሻውን ብቻዬን እንደወሰንኩ፣ እሱ በቦታው እንዳልነበረ ይናገራል። ከመነሻ ጠረጴዛው ተነስቼ መጋዘን እንድገባም ያዛል።

«በቦታው ነበርክ እኮ» አልኩት። «እስክሪብቶው ያንተ ነበር።»

«ማማ፣ ኢቃማሽ በማርች ነው የሚታደሰው አይደል?» አለኝ። የሚያሳድስልኝ ድርጅቱ ነው፤ ወረቀቱም የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ደርሶኛል» ብዬ ፈረምኩ። ፋይሌ ውስጥ ገባ። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ ገነት፣ የደሴ ልጅ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አደረገች። ወደ መጋዘን ተመለስኩ። ሳጥን ማሸግ ጀመርኩ። የሚያሳዝነኝ ወንበሩ አልነበረም። ይህ ወረቀት በዚህ አገር ስለ እኔ የሚቀረው የመጨረሻ ቃል መሆኑ ነው። ደረጀም ቢሆን ሲድን ወደ አገሩ ገባ፤ የወደቀው አንዲት ሴት አየር ማንበብ ስላልቻለች ነው ተብሎ ተጽፎ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት የሚባለው መነሻ ባለበት ቀጠለ።

ደብተሮቼን ግን መጋዘን ይዤ ገባሁ። ጨርቋንም በየጠዋቱ መስቀሌን አልተውኩም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ኢቃማዬ ከታደሰ በኋላ፣ ወቅቱ ሊዘጋ ሲል፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ ሙሸይሪብ ቢሮ መጣች። የጉብኝት ድርጅቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ አደጋ ምን እንደሚያስቡ ነበር የምትጠይቀው። አቡ ናስርም መጡ፤ ከእርጅናቸው የተነሳ ቢሮ የሚመጡት ከስንት አንድ ቀን ነው። ሻይ የሚያቀርበው ሰውዬ ፈቃድ ላይ ስለነበር ገነት ደወለችልኝ፤ «እትዬ፣ ሻዩን አንቺ ካላቀረብሽ በቀር ሰው የለም። ደግሞ ስለ ሙቀት የምትጠይቅ ሴት መጥታለችና ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለች። የድምጿን ነገር ስሰማ ደብተሮቹን በፌስታል ይዤ ሜትሮ ገባሁ።

ሻይ እየቀዳሁ ሰማሁ።

«ሙቀቱ መጨመሩ ሥራችሁን ያሰጋዋል ብለው ያስባሉ?» አለች ተመራማሪዋ።

«በጭራሽ» አለ ዋሊድ። «እንግዳ የሚመጣው ሲበርድ ነው። ሲሞቅ እንዘጋለን። ኸላስ፣ አለቀ። የሚያሰጋን የሚጋነነው ወሬ ነው።»

«ባለፉት ዓመታት በሙቀት የተሰረዘ ወይም የዘገየ ጉዞ ነበር?»

«አንድም።»

«በእንግዶች ጤና ላይ የደረሰ ነገርስ?»

«አንድም» አለ፤ ይሄኛው እውነት ነው። እንግዳ አልወደቀም። ወረቀቷ ላይ ስለ ሾፌር የተጻፈ ጥያቄ አልነበረም።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከሻዩ ጎን። «የተሰረዘውና የዘገየው እዚህ አለ» አልኳት በዐረብኛ። «የወደቀውም አለ።»

ዋሊድ ፈገግ አለ። «ይቅርታ፣ ይህቺ ምግብ የምታሽግልን እናት ናት። ስለ አየር የምታውቀው ነገር የለም።»

አቡ ናስር የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ዋሊድ፣ የሾፌሩ ጊዜ ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ? አየሩን የመረመረችው እሷ ናት፣ የወሰነችውም እሷ ናት ብለህ አይደለም?»

«አዎ፣ ግን—»

«ስለ አየር የማታውቅ ከሆነች ማን ወሰነ? የምታውቅ ከሆነች ደግሞ አሁን ለምን ታስቆማታለህ?»

ይህን ጥያቄ እኔ ስድስት ወር መጋዘን ውስጥ ሳጥኖቹን ስጠይቅ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው እንዴት እንደጣመኝ ልገልጸው አልችልም። ሻይ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ተመራማሪዋ ደብተሩን ገለበጠች። አማርኛ ስለማታነብ ገነት ከእንግዳ መቀበያው መጥታ ተረጎመችላት። «ሁለት ሻይ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። አስረዳኋቸው፤ ጨርቋንም ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የዋሊድ ዓይነት አልነበረም። ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር በዓለም ሁሉ ለዚሁ እንደሚያገለግል ነገረችን።

አቡ ናስር ጨርቋን ተቀብለው በጣቶቻቸው አሹዋት። «በአባቴ ቤት» አሉ «የሸክላ እንስራ ከመስኮቱ ነፋስ ላይ ይሰቀል ነበር። የምሥራቁ እርጥብ ነፋስ በመጣ ቀን ውሃው አይቀዘቅዝም። ያን ቀን እናቴ ወደ ደጅ አታስወጣንም ነበር። መብራትና ማቀዝቀዣ ሲገባ ረሳነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ከማን ተማርሽው?»

«ከጋሽ ሙሄ።»

«ሙሄ» አሉ ጨርቋን እየመለሱልኝ። «ሻይ ሲያበዛብኝ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ የሆነው አጭር ነው። የዘጠኝ ሰዓቱ መነሻ ቀረ። ጎማ የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች ጥላ ተሠራላቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ብቻ ይሠራሉ። ባለ ጨርቁ ቴርሞሜትር ተገዛ። ለጋሽ ሙሄ ደውዬ ስነግረው «በዚያ ሁሉ ገንዘብ ነጠላ ቢገዙ አገር ይለብስ ነበር» አለኝ። ዋሊድ አልተባረረም። እንደሱ ያሉ ሰዎች አይባረሩም። አሁን በሆቴል አዳራሾች ስለ ሙቀት አደጋ ንግግር ያደርጋል አሉ፤ የጨርቋንም ፎቶ ያሳያል አሉ። የማን ጨርቅ እንደሆነች አይናገርም አሉ።

አቡ ናስር ደብዳቤውን በሌላ ደብዳቤ እንዲተካ ዋሊድን አዘዙት። መጀመሪያ ያመጣው «አለመግባባት ነበር» ይላል። «አለመግባባት አልነበረም፤ በደንብ ተግባብተን ነበር» ብዬ መለስኩት። ሁለተኛው እቴነሽ በመነሻው እጇ የለበትም ይላል። እሱንም መለስኩት።

«አሁንስ ምን ጎደለው?» አለኝ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ነፃ አወጣሁሽ እኮ።»

«ፈርሜያለሁ። እሱን ጻፍ።»

«ራስሽን ልታስወቅሺ ነው?»

«ጨርቋ አለመድረቋን አይቻለሁ፤ አንተም አየሩ ጠግቧል ስልህ ሰምተሃል። እስክሪብቶ ሰጠኸኝ፤ ፈረምኩ። ደረጀ ወደቀ። በዚህ ቅደም ተከተል ጻፈው።»

ሦስተኛው በዚያ ቅደም ተከተል ተጻፈ። አቡ ናስር ፈረሙበት። አሮጌውን ከፋይሌ አወጡት።

አንዱን ቅጂ ሐዋሳ ለደረጀ ላኩለት። ሌላውን ለጋሽ ሙሄ በስልክ አነበብኩለት፤ እስክጨርስ ሰማና «ሁለት ሻይ የፈጀ ደብዳቤ ነው» አለ። ወደ መነሻ ጠረጴዛው ተመልሼ አንድ ሙሉ ወቅት ሠራሁ። ጨርቋ ባልደረቀች ቀን አልፈረምኩም።

በመጨረሻው ቀኔ ዋሊድ ኬክ አመጣ። ላዩ ላይ ስሜ በትክክል ተጽፏል። በላሁት። ጨርቋን ለገነት ሰጠኋት። ደብዳቤውን ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር አስቀመጥኩ። የዋሊድን ቁጥር ከስልኬ አጠፋሁ።